«አለ» የሚልለት

ከጥድ አምባ ሚካኤል፣ ጥቅምት ፲፪ ቀን ፲፱፻፴ ዓ.ም.

ይድረስ ለልጄ ለሙላቴ፤ ደብረ ታቦር፣ ከጣልያኑ ሹም መዝገብ ቤት።

እንዴት ከርመሃል? ክርስትና ያነሣሁህ አባትህ እኔ ይርጋ ተድላ፣ የጥድ አምባ ጭቃ ሹም፣ ደህና ነኝ። ጉልበቴን ይይዘኛል። ይህን ለአንተ እንጂ ለማንም አልናገርም። የሚጽፉልኝ እማሆይ ጥሩወርቅ ናቸው። «ሰላምታው አጠረ» ይሉኛል። ይጠር። ነጋዴው ኑሩ ያመጣልኝ የአንተ ደብዳቤ ሰላምታው አንድ ገጽ፣ ጥያቄው ሁለት መስመር ነበር። የከበደኝ ግን ሁለቱ መስመር ነው።

ስለ ትምህርት ቤቶቻችን ላልኸው፣ ሦስት ነበሩ። የላይኛው፣ ከጉና ሥር ያለው፣ ጣራ የለውም። ጣራው ምን እንደሆነ ጌቶችህን ጠይቃቸው፤ ከሰማይ ሆነው ያዩት እነሱ ናቸው። የታችኛው መምህሩ ሄደ። ወዴት አትበለኝ። የቀረው የእኛው ነው፤ ያ አንተ ራስህ የኔታን ፈርተህ ልብስህን ያረጠብህበት ወይራ ሥር ያለው። እማሆይ ይህን አልጽፍም ብለው ነበር። አስጻፍኋቸው።

የኔታ ፈንታሁን ዛሬም ያስተምራሉ። ዓይናቸው ከጠፋ ሃያ ዓመት አለፈው፤ ከአሥር ልጅ ጩኸት መካከል አንዱ የዘለላትን ፊደል ግን ዛሬም በጆሮአቸው ይይዟታል።

ስንት ተማሪ አለ ላልኸው፣ በዓይን አሥራ አንድ፣ በስም ሃያ አምስት። ከተማ ገብተህ የአገርህን ወግ ረስተህ እንደሆነ እኔ ላስታውስህ። በእኛ ወይራ ሥር የሞተ ተማሪ ስሙ ወዲያው አይቀርም። ንባብ የሚጨርስበትን ያህል፣ ሰባት ዓመት ይጠራል። የኔታ ጧት ጧት ስሙን ይጠራሉ፤ ከጎኑ ይቀመጥ የነበረው ልጅ «አለ» ይልለታል። በ፳፮ ዓመት በአንድ ጾም ኩፍኝ ከወሰደብን ከአሥራ አራቱ ለአሥራ ሦስቱ እስከ ዛሬ እንዲህ እየተባለላቸው ነው።

ያጣው አንድ ነው። የልጄ የእቴነሽ ልጅ፣ የልጅ ልጄ ካሳሁን። ከጎኑ ይቀመጥ የነበረው ማሩ ከእናቱ ከፈንታነሽ ጋር ወደ ይፋግ ከሄደ ወዲህ የኔታ «ካሳሁን» ይሉና ጥቂት ቆይተው ያልፉታል። እኔ በዚያ ሰዓት በዚያ መንገድ አልሄድም። አንተ ለምን አትልለትም የምትለኝ እንደሆነ፣ ተማሪ ያልሆነ ሰው አይልም። እኔ ፊደል አልቆጠርሁም፤ አልፈለግሁምም። ዳኝቻለሁ፣ አርሻለሁ፣ ዘምቻለሁ፤ ስንት ጸሐፊ ፊቴ ቆሞ እጁ ሲንቀጠቀጥ አይቻለሁ።

የአባቶቻቸውን ስምና ያሉበትን አገር ጠይቀሃል። እርሻ ላይ ናቸው በል። የትኛው እርሻ ቢልህ፣ ሩቅ ነው በለው። ለመሆኑ ሹምህ የልጆችን ቁጥር የሚፈልገው ለምንድን ነው? ከመቼ ወዲህ ነው የእኛ ልጅ ንባብ ያሳሰበው? ይህን ሳትመልስ ሌላ ነገር አትጠይቀኝ።

ይርጋ ተድላ


ከጥድ አምባ፣ ኅዳር ፲፪ ቀን ፲፱፻፴ ዓ.ም.

ለልጄ ለሙላቴ።

ደብዳቤህ ሰላምታ አልነበረውም። ሰላምታ ያስቀረህ ነገር ገብቶኛል። እማሆይ ሁለት ጊዜ አነበቡልኝ፤ ሁለተኛውን ጊዜ እኔ አልለመንኋቸውም፣ እሳቸው ራሳቸው ማመን አቅቷቸው ነው።

ይህን ገጽ ለሹምህ አሳየው፤ የጥድ አምባ ትምህርት ቤት ተማሪዎች አሥራ አራት ናቸው። ስማቸውን ከነአባታቸው እማሆይ በሌላ ወረቀት ጽፈዋል። ከአበበች ቤት ሁለት ወንድማማቾች አሉ፤ የአሰለፈች መንታዎች አሉ፤ የእኔም የልጅ ልጅ አለበት። ሁሉም ፊደል ለይተዋል፤ ስምንቱ አቡጊዳ፣ ስድስቱ ንባብ ላይ ናቸው። እርስ በርሳቸው አይጣሉም። ምግብና ልብስ አይጠይቁም። ሁሉም አንድ ቦታ፣ ከቤተ ክርስቲያኑ አጠገብ ነው የሚያድሩት። ካለፉት አራት ዓመታት ወዲህ አንድም ቀን ቀርተው አያውቁም። ከዚህ የተሻለ ትምህርት ቤት በአውራጃው ካለ ይምጣና ይወዳደረን።

ይህችን ቁራጭ ወረቀት ግን አንብበህ እሳት ውስጥ ጨምራት።

ሙላቴ፣ የላክሁልህ የኩፍኙን ልጆች ነው። ሹምህ ልጆቹን ከተማ ሰብስቦ አባቶቻቸው ከጫካ እስኪወርዱ ሊይዛቸው እንደሆነ አንተው ጽፈህልኛል። እንግዲህ ይያዛቸው። የትኛውም አባት ለሞተ ልጁ ብሎ እጁን አይሰጥም። አሥራ አንዱ ሕያዋን በማንም ወረቀት ላይ የሉም፤ እኔም የምፈልገው ይህንኑ ነው። ሊያያቸው ቢመጣ ሕያዋኑን ወደ ጉና አወጣቸዋለሁ፤ እሱ የሚያየው መቃብር ላይ የበቀለ ሣር ነው። ልጆች በግ ጥበቃ ሄዱ፣ ወረርሽኝ ገባ፣ ምን የማይባል ነገር አለ።

እማሆይ «እናቶቻቸው ይጠየቁ፤ ስም የእናት ነው» ብለው ነበር። አልጠየቅሁም። የጥድ አምባ ጭቃ ሹም እኔ ነኝ።

ይርጋ


ከደብረ ታቦር፣ ታኅሣሥ ፳፬ ቀን ፲፱፻፴ ዓ.ም.

ለውድ አባቴ ለጭቃ ሹም ይርጋ ተድላ።

እንደምን ሰንብተዋል? እግዚአብሔር ይመስገን እኔ ደህና ነኝ። እማሆይ ጥሩወርቅ ሆይ፣ ይህን ደብዳቤ ሌላ ሰው በሌለበት ያንብቡላቸው፤ ቃሌ ከልጅ ወደ አባት ከሚገባው በላይ ቢከብድ ይቅር ይበሉኝ።

አባቴ፣ ምን አደረጉ? ልጆቹን ወደ ጉና አወጣለሁ ብለውኝ አልነበረም? ሹሙ ባለፈው ማክሰኞ ከአስተርጓሚውና ከሌላ ጸሐፊ ጋር እናንተ ዘንድ ደርሶ ተመልሷል። እኔን አላስከተለኝም። ያመጡትን ጽሑፍ ግን በመዝገብ የገለበጥሁት እኔ ነኝ።

እንዲህ ይላል። አሥራ አራት ተማሪ ተጽፎ አሥራ አራቱም ተገኝተዋል። አንድ ዓይነ ስውር መምህር አለ። ልጆቹ ጸጥተኞች ናቸው። ሁሉም አንድ ዓይነት አዲስ ነጭ ልብስ ለብሰዋል። ሲጠየቁ ሁሉም እኩል ይመልሳሉ። በአውራጃው ከታዩት ትምህርት ቤቶች አንደኛ ይህ ነው። ከታች ደግሞ አስተርጓሚው በራሱ ሐሳብ አንድ ነገር ጨምሯል፤ በቅሎዎቹ ወይራው ሥር አንገባም ብለው ርቀው ታስረው ዋሉ ይላል። ሌሎቹ ልጆች ፊደሉን በስንደዶ እየጠቆሙ ሲያነቡ፣ ካሳሁን የተባለው በጃርት እሾህ ይጠቁም ነበር ይላል።

በሕያዋኑ ላይ የሙታኑን ስም አውጥተው ያቀረቧቸው እንደሆነ፣ አባቴ፣ ሹሙ ስም አይወስድም፤ የሚወስደው ልጅ ነው። አሥራ አራት ለመሙላት ሦስቱን ከየት አመጡ? ያ ባለ እሾሁስ የማን ልጅ ነው? ሹሙ በጣም ደስ ብሎታል። ደስታው ያስፈራኛል። ቶሎ ይመልሱልኝ።

ልጅዎ ሙላቴ


ከጥድ አምባ፣ ጥር ፫ ቀን ፲፱፻፴ ዓ.ም.

ለሙላቴ።

ቁጣህን ተቀብያለሁ፤ ሲበርድልህ ይቅርታ ትጠይቀኛለህ። እኔ አንድም ልጅ አላቀረብሁም።

አሥራ አንዱ ከእሑድ ጀምሮ እስከ ሐሙስ ጉና ላይ፣ በብዙነሽ የከብት በረት ነበሩ። እኔም አብሬአቸው ነበርሁ። ብርዱ ጥርሴን ሲያንቀጫቅጨው እያዩ ሲስቁብኝ ሰነበቱ። ማክሰኞ ዕለት አሥራ አንዱንም እየነካሁ ቆጥሬአለሁ። ከመንደሩም ሹሙን ብሎ ወይራው ሥር የደረሰ ሰው የለም፤ ሁሉም በሩን ዘግቶ ነው የዋለው። እዚያ የነበሩት የኔታ ብቻ ናቸው። ይህ የእኔ ጥፋት ነው። ለሁሉም ተናግሬ ለእሳቸው መናገር ረሳሁ። እንደ ልማዳቸው ጧት ወጥተው ተቀመጡ።

ደብዳቤህ ሲነበብልኝ ተነሥቼ ወደ እሳቸው ሄድሁ።

«የኔታ፣ ያን ማክሰኞ ወይራው ሥር ማን ነበር?»

«ማን ይሆናል? ተማሪ ነዋ!»

«ተማሪ ጉና ነው የዋለው።»

«እነዚያማ ጉና ናቸው። እኔን እንደ ግንድ ትተኸኝ ወሰድሃቸው። የቀሩት መጡ።»

«የቀሩት የትኞቹ?»

«ስማቸውን የላክሃቸው ናቸዋ! አንተ ይርጋ፣ ስም ጠርተህ ልከህ አይመጡም ብለህ ነበር?»

እኔ ስሞቹን መላኬን ከእማሆይና ከአንተ በቀር የሚያውቅ አልነበረም። እማሆይ አልተናገርሁም ብለው ምለዋል፤ እሳቸው አይዋሹም።

«እንዴት አነበቡ?» አልሁ።

«ከተዉበት ቀጠሉ። የአበበች ትንሹ ዛሬም ይንተባተባል። አንዱ ሲዘል በአርጩሜ ሸንቆጥ አደረግሁት።»

«ምን አለ?»

«ምንም። ኋላ አርጩሜውን ስዳስሰው አፈር ይዟል።» ቀጥለውም «ካሳሁንህ ጎብዟል። ድሮ ይሰናከልባት የነበረችውን አልፏታል። በእሾሁ ቀጭ ቀጭ እያደረገ ይሄዳል» አሉኝ።

ሙላቴ፣ ስለ እሾሁ የጠየቅኸኝን አሁን እመልስልሃለሁ። ካሳሁን በሕይወቱ በጃርት እሾህ ጠቁሞ አያውቅም። እንደ ሁሉም ልጅ በስንደዶ ነው። እሾሁን ጉና ላይ አግኝቼ ላመጣለት ብዬ ነበር፤ ስደርስ ገናዦቹ ከፍነውት አገኘሁ። ፊታቸውን ሲያዞሩ ከከፈኑ ውስጥ፣ ከቀኝ እጁ መዳፍ አስገባሁለት። እናቱ እቴነሽ አታውቅም። ለንስሐ አባቴም አልነገርሁም። እማሆይ ይህን እየጻፉ ብዕሩን አስቀምጠው ወጥተው ነበር፤ አሁን ተመልሰዋል።

አትጨነቅ። ያም ሆነ ይህ ሕያዋኑ ደህና ናቸው።

ይርጋ


ከጥድ አምባ፣ የካቲት ፲፱ ቀን ፲፱፻፴ ዓ.ም.

ለልጄ ለሙላቴ።

ያን ወረቀት ማን ፈረመበት ብለህ ለጠየቅኸኝ፣ ጣቴን ያሳረፍሁበት እኔ ነኝ። አንተ አስቀድመህ «ሹሙ ልጆቹን ሊያስመጣ መኪና ልኳል» ብለህ ስትልክብኝ ፈርቼ አልነበረም፤ እንዲያውም ሳቄ መጥቶ ነበር። እንደ ፊተኛው አሥራ አንዱን ወደ በረቱ ሰደድሁ። እኔ ግን ቀረሁ። በዓይኔ ማየት ፈለግሁ።

አየሁ ልበልህ? ምንም አላየሁም። መኪናው መስኩን አቋርጦ እስከ ወይራው ገባ። አስተርጓሚው ወረደ፤ ወረቀቱን አውጥቶ ስም ጠራ። እየጠራ ወደ መኪናው ሆድ በእጁ ያመለክታል፤ «ቶሎ በሉ፣ አትጋፉ!» ይላል። ወይራው ሥር ግን ሣርና ድንጋይ ብቻ ነው። ሰውዬው አብዷል አልሁ። አሥራ አራት ብሎ ሲጨርስ ሾፌሩ የኋላውን መዝጊያ ቀረቀረው። ያኔ ጎማው ከደረቁ መሬት ውስጥ አንድ ስንዝር ሲገባ አየሁ። የካቲት ነው፤ ዝናብ ከጣለ አራት ወር አልፎታል።

አስተርጓሚው ወረቀቱን ዘረጋልኝ። «ጭቃ ሹም፣ አውራ ጣትዎን!» አለኝ። እኔም አየር ጭነህ ለመሄድ ደግሞ ምን ጣት ያስፈልግሃል ብዬ በልቤ እየሳቅሁበት ተጫንሁት። ማንበብ ብችል ኖሮ ምን እንደሚል አውቅ ነበር። «አሥራ አራት ልጆች በፈቃዴ አስረክቤአለሁ» ይል እንደነበረ የሰማሁት ከአንተ ደብዳቤ ነው። ለእማሆይ ሳላስነብብ ጣቴን ያሳረፍሁት እንደ ትልቅ ሰው ኮርቼ ነው። ይህን ይጻፉልኝ ብዬ የነገርኋቸው ራሴ ነኝ፤ እሳቸውስ ሊያልፉልኝ ነበር።

ትምህርት ቤቱ እንዴት ሆነ ብለሃል። ወድቋል።

መኪናው በሄደ ማግስት የኔታ ስም ጠሩ። ሕያዋኑ ለራሳቸው አቤት አሉ። የአበበች ትልቁ ሲጠራ ከጎኑ የሚቀመጠው ልጅ «አለ» ሊል አፉን ከፈተ፤ ድምፅ የለም። ጎረቤቱም እንደዚሁ። ሁሉም። ልጆቹ ጉሮሮአቸውን ይዘው አለቀሱ። ከዚያ ቀን ወዲህ ጧት የለዩትን ፊደል ምሳ ሳይደርስ ያጡታል። ንባብ ላይ የነበረው ወደ አቡጊዳ፣ አቡጊዳ ላይ የነበረው ወደ መጀመሪያው ፊደል ተመልሷል። የኔታ «ተቀባይ የሌለው ንባብ አይቆምም። ከኋላ የሚቀበሏቸው እነዚያ ነበሩ» ይላሉ። ወይራው ሥር ወፍ እንኳ አይጮኽም።

ትናንት እቴነሽ መጣች። እኔ ምንም አልነገርኋትም።

«አባባ፣ ልጄን የት ላክኸው?» አለችኝ።

«ልጅሽ ያለበትን ታውቂያለሽ» አልኋት።

«የለም። ሄጄ መቃብሩ አጠገብ ተቀመጥሁ። ሰዎቹ የወጡበት ቤት ዓይነት ነው። የት ላክኸው?»

በስድሳ ዘጠኝ ዓመቴ ልጄ ፊት መሬት መሬት አየሁ።

ያለ ሐሰት የምትነግረኝ አንድ ነገር አለ፤ እዚያ ደርሰዋል ወይ?

አባትህ ይርጋ


ከጥድ አምባ፣ መጋቢት ፰ ቀን ፲፱፻፴ ዓ.ም.

ለሙላቴ።

ደብዳቤህን እማሆይ እያለቀሱ አነበቡልኝ። በተወሰዱበት አዳራሽ ውስጥ አሥራ አራት ሰሌን ተነጥፎ ማንም ሳይታይ ጧት ጧት ሁሉም ሰሌን ሰው ተኝቶ እንደተነሣበት ሰርጎ እንደሚገኝ፣ የሚቀመጠው ዳቦ ሳይነካ ሻግቶ እንደሚወጣ፣ ዘበኞቹ ግን ቁጥሩን «ሙሉ ነው» ብለው እንደሚጽፉ፣ ሹሙም ጽሑፉን አይቶ እንደሚደሰት ሰማሁ። ጎህ ሲቀድ የሚሰማው ንባብ እስከ መዝገብ ቤትህ እንደሚደርስም ሰማሁ። አንዱ ድምፅ የሚንተባተብ ነው ብለሃል። አዎ፤ የአበበች ትንሹ ነው።

«ይውሰዷቸው፣ እለምንዎታለሁ» ብለሃል። ልጄ፣ መለመን አያስፈልግህም። የእኔ ሥራ ነው።

ወደ አሥራ አራቱ ልጆች እናቶች ቤት ቤታቸው ሄጄአለሁ። ስማቸውን ሳልጠይቃችሁ ሰጥቼባችኋለሁ አልኋቸው። አሰለፈች በሩን ዘጋችብኝ። አበበች ተፋችብኝ፤ አልጠረግሁትም። እቴነሽ የበቅሎዬን ኮርቻ አምጥታ ፊቴ አስቀመጠች።

በሚቀጥለው ቅዳሜ፣ ገበያው ሲደምቅ፣ ከየኔታ ጋር እደርሳለሁ። ሽማግሌና ዕውር ገበያ ቢወጣ ማን ይጠይቀዋል? አንተ የአዳራሹን በር ገርበብ አድርገህ ቁም። ሌላ አታድርግ። የኔታ ይጠሯቸዋል። ስም ተጠርተው ሄደዋል፤ ስም ተጠርተው ይመለሱ። በመዝገብህ ላይ «ወደ አገራቸው ተመለሱ» ብለህ ጻፍ። ሐሰት አይደለም።

ይርጋ


ከጥድ አምባ፣ ሚያዝያ ፳፫ ቀን ፲፱፻፴ ዓ.ም.

ለልጄ ለሙላቴ።

ትንሣኤ ካለፈ ሳምንት ሆነው፤ እንኳን አደረሰህ። ስንት ገቡ ብለህ ለጠየቅኸኝ፣ አሥራ ሦስት።

አንተም በሩ ላይ ቆመህ ሰምተሃል። የኔታ በትራቸውን ተደግፈው አንድ በአንድ ሲጠሩ ከባዶው አዳራሽ ድምፅ «አለ፣ አለ» እያለ ሲመልስ ያን ዘበኛ አየኸው? መሣሪያውን መሬት ጥሎ አማተበ። የመጨረሻው ስም ሲጠራ ግን መልስ አልነበረም። የኔታ ሦስት ጊዜ ደገሙት። እኔም ጠራሁት፤ ቤት እንደምጠራው፣ በቁልምጫ ጠራሁት። ዝም። ስንመለስ መንገዱን ሁሉ ከኋላችን ሣሩ ሲተኛ ይሰማኝ ነበር። በቅሎዬ አልደነበረችም። ዞሬ ግን አላየሁም፤ የጎደለውን ላለመቁጠር ነው።

በማግስቱ ጧት ልጆቹ አፋቸው ተፈታ። ለአሥራ ሦስቱም «አለ» አሉላቸው። ንባባቸውም ተመለሰላቸው፤ አሁን ሹምህ ቢመጣ በእውነት አንደኛ ናቸው፤ ግን አይምጣ። «ካሳሁን» ሲባል ወይራው ሥር እንደ ድሮው ጸጥ አለ።

«ምን አጠፋ?» አልኋቸው የኔታን።

«ምንም። እነዚያ የመጡት ወደ ጎናቸው ነው። እያንዳንዱ አጠገቡ የሚጠብቀው አለው። የእሱ ጎን ባዶ ነው። ወዴት ይምጣ?»

«ማሩን ከይፋግ ላስመጣ።»

«የፈንታነሽን ልጅ ከነሕይወቱ ተወው። አንተስ?»

«እኔ ተማሪ አይደለሁም።»

«እኔስ ሁን አይደል የምልህ?» አሉኝ።

ሙላቴ፣ ሦስት ቀን አልበላሁም። ከዚያ በአራተኛው ቀን ነጠላዬን አጣፍቼ ሄጄ በማሩ ድንጋይ ላይ ተቀመጥሁ። ድንጋዩ ትንሽ ነው። ልጆቹ እስኪወድቁ ሳቁ። አንዱ «ጭቃ ሹም፣ እሱ ሃሌታው ‹ሀ› ነው እንጂ ቀንበር አይደለም፤ ምን ያስጨንቅዎታል?» አለኝ። ሌላው «እግርዎን ይሰብስቡ፣ ንባቤ ላይ ቆሙብኝ» አለኝ። ሌላ ጊዜ ቢሆን ኖሮ! የኔታም አልማሩኝ፤ ስዘል እንደ ማንም በአርጩሜ ይነኩኛል። የመጀመሪያውን ረድፍ ሳልጨርስ «አለ» እንድል አልፈቀዱልኝም፤ «ተማሪ መሆንህን በምን ልወቅ?» አሉ። እቴነሽ ጧት ጧት አዲስ ስንደዶ ቆርጣ ትሰጠኛለች። ለእኔ ይህ እንደ መናገር ነው፤ ከየካቲት ወዲህ ቃል አላወጣችልኝም ነበር።

ከትናንት በስቲያ ረድፉን ጨረስሁ። ትናንት ጧት የኔታ ስም ጠሩ። አሥራ ሦስቱ ተመለሰላቸው። ከዚያ «ካሳሁን» አሉ።

«አለ» አልሁ።

ልጆቹ አልሳቁም። የኔታ ራሳቸውን ወደ እኔ ዘንበል አድርገው እንደሚሰማ ሰው ቆዩ። ከዚያ «ቀጥል» አሉ፤ ለእኔ ይሁን ለሌላ አላወቅሁም። እኔ ፊደሉ ላይ አጎንብሼ በስንደዶዬ ስጠቁም አንዷ ፊደል ጠፋችብኝ፤ እዚህ ትሁን እዚያ ግራ ገባኝ። ያኔ ከግራዬ በኩል፣ ባዶ ከነበረው ቦታ፣ ብርድ እጄን ነካው፤ አንዲት ቀጭን ነጥብ ብራናው ላይ ቀጭ አለች። ያቺው ነበረች የጠፋችብኝ። አነበብኋት። ነጥቧ ወደሚቀጥለው ሄደች። እኔም ተከተልኋት።

ዞር ብዬ አላየሁም። ተማሪ ዞር አይልም።

ቀና ስል እቴነሽ ከአጥሩ ማዶ ቆማለች። ወደ መቃብሩ ሄዳ ነበር መሰለኝ፤ ጉልበቷ ላይ አፈር አለ። «ቤቱ ሰው ገብቶበታል» አለችኝ።

ካሳሁን ሊጠራ የቀረው ሦስት ዓመት ነው። እኔም ሦስት ዓመት እቀመጣለሁ። ጉልበቴን ይይዘኛል፤ ይህን አሁን ለሁሉም ተናግሬአለሁ። ሹምህ ስለ ጥድ አምባ ትምህርት ቤት ዳግመኛ የጠየቀህ እንደሆነ፣ ተዘግቷል በለው። አንተ ራስህ ግን ማወቅ ከፈለግህ፣ ከእንግዲህ በዓይን አሥራ ሁለት፣ በስም ሃያ ስድስት ነን።

የሚቀጥለውን ቃል እማሆይ አልጻፉትም። ብዕሩን ተቀብያቸው፣ እሳቸው ፊታቸውን እንዲያዞሩ አድርጌ፣ ላብ በላብ ሆኜ ራሴ ጻፍሁት። ጠማማ ነው። ሁለት ፊደል ብቻ ነው። ከእኔ ጣት ይልቅ ይህን መዝገብህ ውስጥ አኑርልኝ።

አለ